የነብሩ ቆዳና የአደን ታሪክ



ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ከነባር አባሎቻችን አንዱን በቀበርን ዕለት የተነሣውን ክርክር ያልሰማ ያለ አይመስለንም። ላልነበረ ግን ባጭሩ እንንገር። የሟቹ የእኅት ልጅ ከሩቅ አገር መጥቶ ነበርና የአጎቱን ሣጥን ከፍቶ አንድ የነብር ቆዳ አወጣ፤ በቃሬዛውም ላይ ደረበው። ከለቀስተኛው ገሚሱ "እሰይ፣ ጀግና እንዲህ ነው የሚሸኘው" አለ። መሸለል የጀመረም ነበር። ከወጣቶቹ መካከል አንድ መምህር ግን "ይህ በሕግ የተከለከለ ነገር ነው፤ ቅሬው ይጠየቅበታል" ብሎ ተናገረ። በዚህ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ተቆጡ። "የእናንተ ሕግ ሳይወለድ ነው እሱ ነብር የጣለው" አሉ። የቅሬው ዳኛ ገብተው ቆዳው ተነሣና ሥርዓቱ ቀጠለ። ወሬው ግን እስከ ሠልስቱ ድረስ አልበረደም።

እኛ በዚያ ቀን ዝም አልን። ዕድሜውን በመዝገብ ቤት የጨረሰ ሰው መዝገብ ሳያገላብጥ መናገር አይሆንለትም። ከዚያ ወዲህ ግን ያገኘነውን መጽሐፍ አንብበን፣ ሽማግሌም ጠይቀን የደረስንበትን ለዘንድሮው መጽሔታችን ይዘን ቀርበናል። ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ስለሆነ አጻጻፋችን ላይ ጉድለት ቢገኝ አንባቢ ያርመን።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት "ገዳይ" ከሚለው ቃል እንጀምር። ዛሬ እገሌ ገዳይ ነው ቢባል ፖሊስ ይጠራል። በአባቶቻችን ዘመን ግን ገዳይ መባል እንደ ማዕረግ ነበር፤ ሴት በዘፈን የምትወደውን ስታሞግስ ገዳዬ ትለው ነበር። ታዲያ አዳኝ ሁሉ ገዳይ አይባልም። ቆቅና ሚዳቋ የሚያድን አዳኝ ብቻ ነው። ገዳይ የሚያሰኙት ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽና አውራሪስ ናቸው፤ ነብርም ከእነሱ ቀጥሎ ይቆጠራል። ጅብ ለገደለ ማንም አይሸልልለትም፤ ጥይቱን አባከነ ቢባል ነው።

ዝሆን የገደለ ሰው ለማስረጃ ጅራቱን ቆርጦ ያመጣል፤ ጆሮውንም ተበስቶ የወርቅ ሎቲ ያደርጋል። አንበሳ የገደለ ጎፈሩን በራሱ ላይ ይደፋል። ሁሉም ራሱን ቅቤ ተቀብቶ በጌታው ፊት ይፎክራል። ብዙ ሆነው ባደኑ ጊዜ ግዳዩ የማን ነው የሚለው ክርክር እንዳይነሣ፣ መጀመሪያ ያቆሰለው ማለትም ደም ያፈሰሰው ባለ ግዳይ ይሆናል የሚል ደንብ በብዙ ቦታ ነበር። ኋለኛው ሰው ጨርሶ ቢገድለውም እንኳ ግዳዩ የፊተኛው ነው። ለጸሐፊ ሰው ይህ ደስ የሚያሰኝ ደንብ ነው፤ ክርክር ያሳጥራል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ቅቤ የሚቀባው፣ የሚዘፈንለት ሰውየው ነው። ነገር ግን የሰውየው ክብር የሚለካው በአውሬው ነው። አውሬው ኃይለኛ ካልሆነ፣ ሰውየውን ሊገድለው የማይችል ከሆነ፣ ፉከራም የለም። እንግዲህ አባቶቻችን ሳይናገሩት አውሬውን አክብረውታል ማለት ነው። ከአውሬው ያልተበደሩት ክብር አልነበራቸውም።

ይህን የሚያስረዳ አንድ የቆየ ጽሑፍ አለ። ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፣ በሱዳን በኩል ሲመለስ ጨርቅን በሚባል ቆላ የዝሆን አደን አይቶ ጽፏል። አዳኞቹን አጋጊር ይላቸዋል። ሁለት ሰዎች በአንድ ፈረስ ላይ ይቀመጣሉ፤ ቁጥቋጦ ልብሳቸውን ይዞ እንዳያስቀራቸው ራቁታቸውን ናቸው። የፊተኛው ልጓምና ልምጭ እንጂ ሌላ ነገር አልያዘም። የኋለኛው ሰይፍ ይዟል። የፊተኛው ፈረሱን ዝሆኑ ፊት ድረስ ነድቶ ይፎክራል። የራሱን ስም ይናገራል፣ የፈረሱን ስም ይናገራል፤ ከዚያም አባትህን እዚህ ቦታ ገድዬዋለሁ፣ አያትህን እዚያ ቦታ ጥዬዋለሁ፣ አሁን ደግሞ አንተን መጣሁብህ እያለ ዝሆኑን ያናግረዋል። ዝሆኑ ተቆጥቶ ሲያባርረው ፈረሱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል። በዚህ መሐል የኋለኛው ሰው ወርዶ የዝሆኑን ቋንጃ በሰይፍ ይቆርጠዋል፤ ፈረሰኛውም ዞሮ መጥቶ ጓደኛውን ከመሬት ያነሣዋል። ትንሽ ቢዘገይ ሰውየው አለቀለት። ሳሙኤል ቤከር የሚባል እንግሊዛዊም ከብሩስ ዘጠና ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1854 ዓ.ም. ገደማ፣ በዚያው ጠረፍ ሐምራን ከሚባሉት ዐረቦች ጋር ሆኖ ይህንኑ የሰይፍ አደን አይቷል።

የዝሆንን አባትና አያት መጥራት ለሳቅ የሚሆን ነገር ይመስላል። ነገር ግን ሰው የሚንቀውን ነገር ዘሩን አይቆጥርም። ዘር የሚቆጠረው ለባላጋራ ነው።

ጠመንጃ በብዛት ሲገባ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ልማዱ ከአንድ ዝሆን አንደኛው ጥርስ ለንጉሠ ነገሥቱ፣ ሁለተኛው ለገዳዩ ነበር። የዝሆን ጥርስ ወደ ባሕር ወርዶ ይሸጣል፤ በገንዘቡም ጠመንጃ ይገዛል። ጠመንጃው ዝሆን ይገድላል፣ የዝሆኑ ጥርስ ሌላ ጠመንጃ ያመጣል። ዓድዋ ላይ የተተኮሰው ጥይት ሁሉ በነፃ የመጣ አይምሰለን፤ ከፊሉ ሒሳብ በዝሆን የተከፈለ ነው። ዝሆኑም ከብዙ ቆላ ጠፋ። ሎቲው ግን ቀረ፤ ከሩቅ ተኩሶ የገደለም እንደ ጥንቱ ሰይፈኛ ሎቲ አደረገ። በእኛ አስተያየት ክብሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

መንግሥትም አየው። በ1901 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ስለ ዝሆን አደን ደንብ አወጡ። በ1936 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የአውሬ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 61 ወጣ፤ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ በቁጥር 416 የዱር አራዊት ደንብ ታወጀ። መምህሩ በቀብሩ ዕለት የጠቀሰው የ1999 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 541ን ነው። እንግዲህ የተቆጡት አባታችን ይቅርታ ያድርጉልንና፣ ሟቹ ነብሩን ሲገድሉ ሕግ አልተወለደም ነበር ማለት ትክክል አይደለም። የ1936ቱ አዋጅ ነበረ። እዚህ ደጋ ድረስ ወጥቶ የነገረን ሰው ነው ያልነበረ። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ደግሞ ከሕገ ወጥ ነጋዴ የተያዘ ስድስት ቶን ያህል የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ በእሳት ተቃጠለ። ያን በዓይኑ አይቶ ማመን የሚያቅተው የምኒልክ ዘመን ነጋዴ ብዙ ነው።

የሰሜን ተራራው ዋልያም እንዲሁ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ቀንዱ ለዋንጫ ይፈለግ ነበር፤ በጠላት ወረራ ጊዜ ደግሞ ጠመንጃው በየሰዉ እጅ በዛ። በ1950ዎቹ መካከል ሲገመት 150 ያህል ብቻ ነበር የቀረው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ አገሩ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ በአዋጅ ባይከለል ኖሮ፣ ዛሬ ዋልያን የምናውቀው በቢራ ጠርሙስና በኳስ ቡድን ስም ብቻ በሆነ ነበር።

አሁን ስለ ሌላ ዓይነት አዳኝ እንናገር፤ ለሆዱ ስለሚያድነው። በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩት ወይጦዎች ከጥንት ጀምሮ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። በደንገል ታንኳ ሆኖ ጉማሬን በጦር መግጠም ከአንበሳ አደን ያነሰ ድፍረት አይጠይቅም። ጉማሬው ታንኳዋን ቢገለብጣት ሰውየው አበቃለት። ነገር ግን ለወይጦ ማንም አልሸለለለትም፣ ቅቤም አልቀባውም። የጉማሬ ሥጋ ይበላል ተብሎ ተናቀ። እስላም ነኝ ቢል እስላሙ አልቀበለው አለ፤ ክርስቲያኑም አብሮት አልበላም፣ አልተጋባም። ከጉማሬው ቆዳ የተሠራውን አለንጋ ግን ሁሉም ገዝቷል! በከፋም ማንጆ የሚባሉት አዳኞች የዱር አውሬ ይበላሉ ተብለው እንዲሁ ተገፍተው ኖረዋል። ለዝና የገደለ ተሸለመ፣ ለልጆቹ ጉሮሮ የገደለ ተናቀ። ይህ ፍርድ ለእኛ ልክ አይመስለንም። ገድሎ ሥጋውን ከበላና ቆዳውን ከተጠቀመ ሰው ይልቅ፣ ጅራቱን ብቻ ቆርጦ በድኑን ለአሞራ ጥሎ የሄደው ነበር መጠየቅ የነበረበት።

ቅሬያችን የቀብር ማኅበር ስለሆነ ስለ ኮንሶም አንድ ነገር እንጨምር። በኮንሶ ታላቅ ሰው ሲሞት ዋካ የሚባል ከእንጨት የተጠረበ ምስል ይቆምለታል። አንዱ ብቻውን አይቆምም። ሟቹ በመካከል፣ ሚስቶቹ በአጠገቡ፣ የገደላቸው ጠላቶች፣ እንዲሁም የገደለው ነብር ወይም ሌላ አውሬ ተጠርቦ አብሮ ይቆማል። ገዳይና ተገዳይ በአንድ መቃብር ላይ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቅባቸዋል። የእኅት ልጅ ቆዳውን በቃሬዛ ላይ የደረበው ይህን ሳያውቅ ነው እንጂ፣ ሐሳቡ ከኮንሶው ብዙ የራቀ አልነበረም።

ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። እኛ ወሎዎች እስላምና ክርስቲያን በአንድ ቅሬ የምንቀባበር ሰዎች ነን። ስለ አውሬ ሥጋም ሁለታችንም ልጓም አለን። ክርስቲያኑ በኦሪት እንደ ተጻፈው ሰኮናው ያልተሰነጠቀውን፣ የማያመሰኳውን አይበላም፤ እስላሙም የራሱ ሐላልና ሐራም አለው። ሁለቱም ሞቶ የተገኘውን አይነኩም።

ልጆች ሳለን በፈረስ ጭራ ወጥመድ ቆቅ እናጠምድ ነበር። አንድ ቀን እኛና አንድ እስላም ጓደኛችን አንዲት የሰባች ቆቅ በሕይወቷ ያዝን። ታዲያ ማን ይባርካት? እኛ ብናርዳት እሱ አይበላም፣ እሱ ቢያርዳት እኛ አንበላም። ግማሽ በግማሽ ደግሞ አይታረድ። ፀሐይ እስኪያዘቅዝቅ ስንከራከር ቆቋ ከእጃችን አምልጣ ገደል ለገደል በረረች። ጓደኛችን ዛሬ ሐጂ ሆነው የቅሬያችን ሽማግሌ ናቸው። ይህን ስናነሣባቸው ይስቁና፣ ለሐጅ ኢሕራም ያደረገ ሰው የየብስ አውሬ ማደን እንደ ተከለከለበት፣ በመካ ክልል ውስጥ ደግሞ ለማንም ሰው በማናቸውም ጊዜ አደን ክልክል መሆኑን ይነግሩናል። "ወደ ፈጣሪው የሚሄድ ሰው እጁን ከደም ይሰበስባል" ነው አባባላቸው። በእኛም በኩል አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከስድሳ አንበሳና ከስድሳ ነብር ጋር እንደ ኖሩ በገድላቸው ይነገራል። በየቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ላይ አራዊቱ እግራቸው ሥር ተኝተው ይታያሉ። እንግዲህ ባላገሩ እሑድ ለዚያ ሥዕል ይሰግዳል፣ ሰኞ ነብር ለገደለ ይሸልላል። ሁለቱን እንዴት እንዳስታረቀው እሱ ያውቃል።

በሌላው ዓለም ያለውም ለመስማት የሚያስደንቅ ነው። በሰሜኑ በረዶ አገር የሚኖሩት ኢኑይቶች የባሕር አውሬ ሲገድሉ በአፉ ንጹሕ ውኃ ያፈሱለታል፤ በጨው ውኃ ውስጥ ኖሯልና ጠምቶታል ብለው ነው። በጃፓን ሰሜን ያሉት አይኑ የሚባሉ ሕዝቦች ድብን እንደ እንግዳ አምላክ ይቆጥሩ ነበር፤ የድቡን ነፍስ በድግስና በስጦታ ወደ አገሯ ይሸኟት ነበር። የጀርመን አዳኞች እስከ ዛሬ ድረስ ለገደሉት አጋዘን የመጨረሻ ጉርሻው ነው ብለው ቅጠል ያለው ዝንጣፊ በአፉ ያጎርሱታል። ይህን ለባለቤታችን ብናነብላት "ከገደሉት በኋላ ማጉረስ ምን ያደርጋል?" አለችን። መልስ አላገኘንላትም።

ከጉርሻው ይልቅ ለአውሬው የሚጠቅመው መጠለያው ነው። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል ውርጭ አገር አለ። የመንዝ ሰዎች አጽመ ርስት ብለው ከአራት መቶ ዓመት ያላነሰ ጊዜ በቄሮ ሥርዓት ጠብቀውታል። አባ ቄራ የሚባል አለቃ መርጠው፣ ሣሩን ለሦስት ለአምስት ዓመት ይዘጉታል፤ ሲከፈት ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዱታል። የጠበቁት ሣሩን ነበር እንጂ አውሬውን አልነበረም። ነገር ግን በሣሩ ውስጥ አይጥና ፍልፈል ኖረ፣ አይጥና ፍልፈሉን ብሎ ቀይ ቀበሮ ኖረ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ዛሬ ግን ጓሳ በሕዝቡ የሚጠበቅ ቦታ ሆኖ እንደገና ቆሟል።

እኛም ዘንድ ከመካነ ሰላም ማዶ ደንቆሮ ጫካ አለ። በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተባለ፤ ኋላም ወረኢመኖ ተጨምሮበት ሰፋ። ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ፣ ድኩላ፣ ሰስ፣ ጉሬዛ፣ ነብርም አለበት። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም፤ በጠቅላላው አምስት መቶ ያህል ቢሆን ነው። የሚጨርሰውም አዳኝ ብቻ አይደለም። በእኛው ውሻ የሚተላለፍ የእብደት በሽታ ነው። ነብር የገደለ በሚያስፎክርበት አገር ቀበሮን በውሻ በሽታ የጨረሰ ምን ሊባል ነው?

አሁን ወደ ሟቹ ወንድማችን እንመለስ፤ ዝም ያልነውን ለመናገር።

ከብዙ ዓመት በፊት የመሬታቸውን ወረቀት እንድንጽፍላቸው ቤታቸው ሄደን ነበር። የግብር ደረሰኝ ፍለጋ ሣጥኑን ሲከፍቱ ከሥር ቆዳውን አየነው። እኛም እንደማንኛውም ሰው "ጋሼ፣ ይህን ይዘው አንድም ቀን ሳናይዎ!" አልን። ነገሩን ያጫወቱን ያን ጊዜ ነው። በ1950ዎቹ ውስጥ ነብሩ የአንዲት ባል የሞተባትን ሴት ፍየሎች ጨረሰ። የአገሩ ሰው ለመናቸውና ውጅግራቸውን ይዘው ወጡ። ከዋሻ አፍ ላይ ተኩሰው ጣሉት። ሲገፉት ሴት ነብር ኖራለች፤ ጡቷ ወተት ይዟል። አገሩ በዘፈን ተቀበላቸው፣ ራሳቸውንም ቅቤ ቀቧቸው። ማታ ማታ ግን ከዋሻው በኩል የግልገሎቹ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሦስት ሌሊት ተሰማ። "ቅቤው ራሴ ላይ ሳይደርቅ ነው ድምፁ የጠፋ" አሉን።

ከዚያ በኋላ አውሬ ላይ አልተኮሱም። ቆዳውን ለጥምቀትም ለሠርግም አልለበሱትም። ብል እንዳይበላው በዓመት አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ ይመልሱታል። ለምን እንዳልጣሉት ብንጠይቃቸው "ወዴት ልጣላት?" ነበር መልሳቸው። ሴቷን ነብር ነው እንደዚያ ያሉት።

የእኅት ልጅ ይህን አያውቅም፤ የሸለሉትም አያውቁም። እኛ እያወቅን ዝም አልን፤ ይህን በዚህ መጽሔት እናምናለን።

ቆዳው እስከ ዛሬ በቅሬያችን ዕቃ ቤት ከድንኳኑና ከብረት ድስቱ ጋር ተቀምጧል። የእኅት ልጅ ወስዶ ጣጣ ውስጥ መግባት አልፈለገም። በመስከረሙ ጠቅላላ ስብሰባ ምን ይደረግ የሚለው ለአባላት ይቀርባል። የእኛ ሐሳብ ለፓርኩ ሰዎች በደረሰኝ እንዲሰጥ ነው፤ ሲሰጥም ማን እንደ ገደላት፣ ለምን እንደ ገደላትና ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረጉ የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍ አብሮ ይሂድ። ጽሑፉን አዘጋጅተን ለቅሬው ዳኛ አስረክበናል። ዋሻው የትኛው እንደሆነና ዓመቱ በትክክል መቼ እንደ ነበር የሚያውቅ አባል ካለ፣ ከስብሰባው በፊት ለእኛ ቢነግረን ቦታውን ክፍት ትተንለታል።